የፅንስን ፆታ በመጀመሪያዎቹ ወራት አልትራሳውንድ መገመት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህን ጥያቄዎች በብዛት የሚያነሱት ከ6ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ድረስ የተነሣ የአልትራሳውንድ ፎቶ በእጃቸው የያዙ ወላጆች ናቸው። እዚህ ገጽ ላይ «ሳምንት» ሲባል የሚቆጠረው ሁልጊዜ ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ነው። ከፅንሰት ቀን የሚቆጥር ጽሑፍ ካጋጠመዎት ቁጥሩ ላይ 2 ሳምንት ይጨምሩበት።

8 ሳምንቴ ነው፤ ፎቶው ላይ ወንድ ይሁን ሴት ይታያል?

አይታይም። ባለሙያው ስላልቻለ ወይም ማሽኑ አሮጌ ስለሆነ ሳይሆን የሚታይ ነገር ገና ስላልተፈጠረ ነው። ፆታው በክሮሞዞም ደረጃ የተወሰነው በፅንሰት ጊዜ ቢሆንም፣ በ8ኛው ሳምንት ሽሉ ከራስ እስከ መቀመጫ 16 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በእግሮቹ መካከል ያለችውም ጉጥ በወንዱም በሴቷም አንድ ዓይነት ናት። የወንዱ የዘር ፍሬ ቴስቶስትሮን ማመንጨት የሚጀምረው በ10ኛው ሳምንት ገደማ ነው። ሆርሞኑ ውጫዊውን ብልት ቀርጾ በዓይን እስኪለይ ድረስ ደግሞ ሌላ ጊዜ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ከ11ኛው ሳምንት በፊት የተነሣ ፎቶ አይቶ «ወንድ ነው» ወይም «ሴት ናት» የሚል ሰው የሚናገረው ግማሽ በግማሽ ዕድል ይዞ ነው። ግማሹን ጊዜ ይሳካለታል፤ ስሙ የሚወራውም በተሳካለት ግማሽ ነው።

ታዲያ ከስንተኛው ሳምንት ጀምሮ ነው የሚታመነው?

ከ12ኛው ሳምንት በኋላ፣ ፎቶው በትክክለኛው አቅጣጫ የተነሣ ከሆነ። በ1999 እ.ኤ.አ. በለንደን የኪንግስ ኮሌጅ ሆስፒታል ተመራማሪዎች 172 ነጠላ እርግዝናዎችን መርምረው ግምታቸውን ከወሊድ በኋላ ከታወቀው ፆታ ጋር አስተያይተው ነበር። በ11ኛው ሳምንት ግምቱ ትክክል የሆነው 70.3 በመቶ ነበር፤ በ12ኛው 98.7 በመቶ፤ በ13ኛው 100 በመቶ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ይህን ያህል ልዩነት መኖሩን ልብ ይበሉ። «የመጀመሪያው ሦስት ወር አልትራሳውንድ ምን ያህል ይታመናል?» ለሚል ጥያቄ አንድ ወጥ መልስ የሌለው ለዚህ ነው፤ የ11 ሳምንቱና የ13 ሳምንቱ ምርመራ በአስተማማኝነት አይገናኙም።

እነዚህ ቁጥሮች የተገኙት ሥራውን ጠንቅቀው በሚያውቁ ሰዎች፣ ሆን ተብሎ ለዚሁ በተፈለገ ምስል ላይ ነው። ለሌላ ዓላማ ከተነሣ ፎቶ ላይ፣ ያውም ከወረቀት በስልክ ተነሥቶ ከተላከ ምስል ላይ፣ ያንኑ ውጤት መጠበቅ አይገባም።

«በጉጡ መገመት» የሚሉት ምንድን ነው?

በሁለቱም ፆታዎች በእግሮቹ መካከል ጥቂት ሚሊ ሜትር የምትረዝም ጉጥ አለች። በወንዱ የወንድ ብልት፣ በሴቷ ቂንጥር ትሆናለች። በ12ኛው ሳምንት ርዝመቷ በሁለቱም ተቀራራቢ ስለሆነ «ረዘም ያለች ናትና ወንድ ነው» ማለት አያስኬድም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ወንድና ሴት የሚለየው ጉጧ ወደየት እንደምታይ ነው።

ፅንሱ በጀርባው ተንጋሎ በጎን ሲታይ የወንዱ ጉጥ ከጀርባው መስመር ተነሥታ ወደ ሆዱ ቀና ትላለች። የሴቷ ደግሞ ከጀርባው መስመር ጋር ትይዩ ሆና ወደ እግሮቿ ትተኛለች፤ አንዳንዴም ወደ ታች ዘንበል ትላለች። በጉጧና በታችኛው ጀርባ ቆዳ መስመር መካከል ያለው አንግል ከ30 ዲግሪ በላይ ከሆነ ወንድ፣ ከ10 ዲግሪ በታች ከሆነ ሴት ይባላል። በ10 እና በ30 መካከል ሲያርፍ ጠንቃቃ ባለሙያ «አልለየም» ብሎ ይተወዋል፤ ይህ መልስ ደግሞ የአለማወቅ ምልክት አይደለም።

በእጄ ያለውን ፎቶ ራሴ መለካት እችላለሁ?

መለካቱ ከባድ አይደለም፤ ከባዱ ፎቶው የሚለካ መሆኑን ማረጋገጡ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚመረመረው ራሱ ፎቶው ነው።

በመጀመሪያ ትክክለኛውን ፎቶ ይምረጡ። ከ11 እስከ 14 ሳምንት ባለው ምርመራ ብዙ ጊዜ ሁለት ዓይነት የጎን ምስል ይታተማል። አንዱ የአንገት ጀርባ ፈሳሽ የሚለካበት ነው፤ በእሱ ላይ ምስሉን የሚሞላው ራስና ደረት ብቻ ስለሆነ የታችኛው አካል አይገባም። የሚፈለገው ሁለተኛው፣ ፅንሱ ከራስ እስከ መቀመጫ ሙሉ ሆኖ ርዝመቱ የተለካበት ነው። ከራሱ ጫፍ እስከ መቀመጫው የተሰመረ ነጠብጣብ መስመርና በሁለት ጫፎቹ የመደመር ምልክቶች ይታዩበታል።

ቀጥሎ ርዝመቱን ያንብቡ። «ሲአርኤል» (CRL) በሚለው ምህጻር አጠገብ የተጻፈው ቁጥር ነው፤ በሴንቲ ሜትር ከሆነ በ10 ያባዙት። 41 ሚሊ ሜትር 11 ሳምንት ገደማ ነው፣ 54 ሚሊ ሜትር 12 ሳምንት፣ 67 ሚሊ ሜትር 13 ሳምንት። ከ54 በታች ከሆነ እዚህ ላይ ያቁሙ። አንግሉን መለካት ይቻል ይሆናል፤ የሚገኘው ቁጥር ግን ስለ ፆታ ብዙም አይናገርም።

ሦስተኛ፣ ምስሉ ፅንሱን በትክክል መሐል ለመሐል የቆረጠ መሆኑን ያረጋግጡ። የአፍንጫ ጫፍና አገጭ በጎን በኩል ጥርት ብለው መታየት አለባቸው። የጀርባ አጥንቱ ከአንገት እስከ መቀመጫ ሳይቋረጥ ይሂድ። የጭን አጥንት በረጅሙ ከታየ ግን ቆራጩ መስመር ወደ ጎን ሸርተት ብሏል፤ ጉጥ መስላ የምትታየውም ነገር የእግር ቁራጭ ልትሆን ትችላለች።

አራተኛው መስመሩ ነው። በወገብና በመቀመጫ መካከል ያለውን የታችኛውን ጀርባ ቆዳ ተከትለው ቀጥ ያለ መስመር ያስምሩ፤ ከዚያ ከእሱ ጋር ትይዩ የሆነ ሌላ መስመር በጉጧ ሥር ያሳልፉ። በዚህ መስመርና በጉጧ ቁመት መካከል ያለው ክፍተት አንግሉ ነው። በስልክ ላይ በሚሠራ የአንግል መለኪያ ወይም በተማሪ ፕሮትራክተር ይለካል።

መስመሩ ከፎቶው ጠርዝ ጋር ሳይሆን ከጀርባው ጋር እንዲሄድ የሚፈለገው ለምን እንደሆነ ማወቁ ይጠቅማል። ፅንሱ ራሱ ዘመም ብሎ ተኝቶ ከሆነ ከፎቶው ጠርዝ አንጻር የሴቷም ጉጥ ቀና ያለች ትመስላለች። ከጀርባው አንጻር ሲለካ ግን ፎቶው ቢዞር፣ ቢገለበጥ፣ በስልክ ካሜራ ግራና ቀኙ ቢቀያየር አንግሉ ያው ነው። ሌላ የሚያሳስት ነገር ቢኖር የፅንሱ አቀማመጥ ነው፦ ጀርባው በጣም ከተጎነበሰ ወይም ወደ ኋላ ከተለጠጠ የታችኛው ጀርባ መስመር ራሱ ይጣመማል፣ አንግሉም አብሮት። እንዲህ ያለውን ፎቶ መተው ይሻላል።

12 ሳምንት ከ0 ቀን ነኝ፤ ታዲያ ለምን ገና ነው ተባልኩ?

የወር አበባዎ የሚመጣበት ዑደት ረጅም ሊሆን ይችላል። የቀን ስሌቱ የተሠራው የ28 ቀን ዑደት ላላት፣ እንቁላሏ በ14ኛው ቀን ለምትለቀቅ ሴት ነው። ዑደቷ 35 ቀን የሆነ ሴት እንቁላሏ የሚለቀቀው በ21ኛው ቀን ገደማ ነው፤ ፅንሱ ከስሌቱ 7 ቀን ያንሳል ማለት ነው። በካላንደር 12 ሳምንት ያለችው እናት በፅንሱ መጠን 11 ሳምንት ላይ ናት። ከላይ ባየናቸው ቁጥሮች ከ98.7 ወደ 70.3 በመቶ ወረደች ማለት ነው። ፅንሱ ጤናማ ነው፣ አልቀነሰም፤ የተሳሳተው ካላንደሩ ነው። ለፆታ ግምት ሁልጊዜ የሚታመነው የፅንሱ ርዝመት ነው።

በ11 ሳምንት ሴት ናት ተባለ፤ በ20 ሳምንት ወንድ ሆነ። እንዴት ይሆናል?

ይህ ከሁሉም የተለመደው ስሕተት ነው፣ አቅጣጫም አለው። የወንዱ ጉጥ መጀመሪያ ላይ እንደ ሴቷ ዝቅ ያለች ናት፤ ቀና የምትለው ቀስ በቀስ፣ ሳምንት በጨመረ ቁጥር ነው። በ11ኛው ሳምንት ያልቀናች ጉጥ የሴት ልትሆን ትችላለች፤ ገና ያልደረሰ ወንድም ሊሆን ይችላል። ከላይ በተጠቀሰው ጥናት በ11ኛው ሳምንት ከወንዶቹ ፅንሶች 56 በመቶው ሴት ተብለው ነበር። ወንድ የተባሉት ሴቶች ግን 5 በመቶ ብቻ ናቸው። በ12ኛው ሳምንት በስሕተት ሴት የተባሉት ወንዶች ወደ 3 በመቶ ወረዱ፣ በ13ኛው አንድም አልነበረም።

ከዚህ የሚወጣው ተግባራዊ ነገር፦ በ11ኛው ሳምንት የተሰጠ «ወንድ ነው» ከ«ሴት ናት» የበለጠ ክብደት አለው። «ሴት ናት» ከተባሉ ቢያንስ እስከ 13ኛው፣ ቢቻል እስከ 16ኛው ሳምንት ልብስ አይግዙ።

በተቃራኒው፣ ወንድ ተብሎ ሴት የሆነችውስ?

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው እትብቱ ነው። እትብት በእግሮቹ መካከል ሲያልፍ ወይም ተጠቅልሎ ሲያርፍ በጥቁርና ነጭ ምስል ላይ ቀና ያለች ጉጥ ይመስላል። ስክሪኑ ላይ ሲታይ ሁለት ትይዩ ነጭ መስመሮች በመካከላቸው ጥቁር ይዘው ይሄዳሉ፤ ጉጧ ግን ውስጧ ባዶ አይደለም። ባለሙያው ቀለም ያለውን ዶፕለር፣ ማለትም የደም ፍሰትን የሚያሳየውን የማሽኑን አሠራር፣ ለአፍታ ቢከፍት እትብቱ ውስጥ ደም ስለሚሄድ ቀይና ሰማያዊ ያበራል፤ ጉጧ እንደዚያ አታበራም። ፕሮቡን (ሰውነት ላይ የሚያርፈውን የማሽኑን መዳሰሻ) ትንሽ አንቀሳቅሶ መከተልም ይለያል፦ እትብት ተከትለውት ቢሄዱ ወይ ሆዱ ላይ ወይ እንግዴ ልጁ ላይ ያደርሳል፣ ጉጧ ግን እዚያው ትቀራለች። ከታተመ ፎቶ ላይ ይህን ማድረግ አይቻልም። ቆሞ የቀረ ምስል ከሚንቀሳቀሰው በብዙ የሚያንሰው እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የሴቷ ብልት ራሱ ነው። በእነዚህ ሳምንታት ቂንጥሯ ከቀሪው አካሏ ጋር ሲነጻጸር ጎላ ያለ ስለሆነ ከሥር ወደ ላይ ሲታይ ያሳስታል። በጎን ቢታይ ግን ትይዩ መተኛቷ ይለያል።

እንግዴ ልጁ በቀኝ ከሆነ ወንድ፣ በግራ ከሆነ ሴት የሚባለው እውነት ነው?

አይደለም። በኢንተርኔት ላይ የራምዚ ዘዴ እየተባለ የሚዞረው ነው። በ6ኛው ሳምንት ከ97 በመቶ በላይ ይሠራል የሚል ቁጥር ይጠቀስለታል፤ ቁጥሩ ግን በሙያ ባልደረቦች ተገምግሞ በሚታተም መጽሔት ላይ የወጣ አይደለም። በኋላ ሌሎች የእንግዴ ልጅ አቀማመጥንና ፆታን ሲያስተያዩ ለመገመት የሚያበቃ ግንኙነት አላገኙም። እንግዴ ልጁ የት እንደሚያርፍ የሚወስነው ሽሉ ማህፀን ግድግዳ ላይ የተጣበቀበት ቦታ ነው፤ የልጁ ክሮሞዞም በዚያ ላይ ሥልጣን የለውም።

ከዚህ በላይ ደግሞ አብዛኛው ሰው ፎቶውን የሚያነብበት መንገድ ራሱ ስሕተት ነው። ማህፀኑ በቁመቱ በሚቆረጥበት ምስል ላይ የፎቶው ግራና ቀኝ የእናቲቱ ራስና እግር አቅጣጫ ናቸው እንጂ የማህፀኑ ግራና ቀኝ አይደሉም። በአግድም በተቆረጠ ምስል ላይ ደግሞ እንደ ልማዱ የፎቶው ግራ የእናቲቱ ቀኝ ነው። ስለዚህ «በቀኝ ነው» ያለው ሰው ግራውን አይቶ ይሆናል፤ ወይም ጭራሽ ግራና ቀኝ በሌለበት ፎቶ ላይ ተናግሮ ይሆናል።

የልብ ምቱ ከ140 በላይ ከሆነስ? ሴት አይደለችም?

የልብ ምቱ የሚናገረው ስለ ዕድሜው ነው። በ6ኛው ሳምንት በደቂቃ 110 ገደማ ይጀምርና በ9ኛው ሳምንት ወደ 170 እና ከዚያ በላይ ይወጣል፤ ከዚያ እየቀነሰ በ14ኛው ሳምንት 150 አካባቢ ይደርሳል። በ9ኛው ሳምንት የተለካ ሁሉም ማለት ይቻላል ከ140 በላይ ነው፤ በዚህ ስሌት ሁሉም ሴት ሊሆኑ ነው። ወንድና ሴት ፅንሶችን በአንድ ዕድሜ ላይ ያነጻጸሩ ጥናቶች ለግምት የሚጠቅም ልዩነት አላገኙም።

የራስ ቅሉ ቅርጽስ?

የወንድና የሴት የራስ ቅል ልዩነት የሚታወቀው በአዋቂዎች አጥንት ላይ ነው። በ12 ሳምንት ፅንስ ላይ «ግንባሩ ዘመም ይላል» ማለት ብዙ ጊዜ ፕሮቡ ዘመም ብሏል ማለት ነው።

በብልት በኩል የሚሠራው አልትራሳውንድ የተሻለ ያሳያል?

ብዙውን ጊዜ የጠራ ምስል ይሰጣል። ፕሮቡ ለፅንሱ ቅርብ ስለሆነ ከፍ ያለ ፍሪኩዌንሲ መጠቀም ይችላል፤ ከ5 እስከ 9 ሜጋኸርዝ ገደማ፣ በሆድ ላይ የሚሠራው ግን ከ2 እስከ 5 ነው። ፍሪኩዌንሲው በጨመረ ቁጥር ትንንሽ ነገር ይለያል፣ ግን ርቆ አይሄድም። ክብደት ያላቸው፣ ሆዳቸው ላይ የቀዶ ሕክምና ጠባሳ ያለባቸው ወይም ማህፀናቸው ወደ ኋላ የተቀለበሰ እናቶች ላይ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል። ጉድለቱ ፕሮቡ እንደ ልብ ስለማይዞር ፅንሱ ካልተመቸ ትክክለኛውን የጎን ምስል ማግኘት ማስቸገሩ ነው። ለፆታ ግምት ብቻ ተብሎ ግን አይሠራም።

የ3ዲ ፎቶ ከተራው ይሻላል?

በ12 ሳምንት ለዓይን ያምራል እንጂ ለዚህ ሥራ አይሻልም። ማሽኑ ገጽታውን ሲያለሰልስ ትንሿን ጉጥ ከእትብትና ከእግር ጋር ያዋህዳታል። ጥቅሙ ሌላ ነው፦ መረጃው በሙሉ ከተቀመጠ ባለሙያው በኋላ ከውስጡ ትክክለኛውን መሐለኛ ቁራጭ አዙሮ ማውጣት ይችላል።

ፅንሱ እግሩን አጣምሮ አላሳይም ካለ ምን ይደረጋል?

ማስነጠስ፣ ማሳል፣ ወደ ጎን ዞሮ መተኛት፣ ተነሥቶ 10 ደቂቃ ያህል መራመድ ይረዳል። በዚህ ዕድሜ ፅንሱ በሽርት ውሃው ውስጥ ሰፊ ቦታ ስላለው ብዙ ሳይቆይ ይገለበጣል። ጣፋጭ መጠጣትን የሚመክሩ አሉ፤ ጉዳት የለውም፣ ግን አይጠብቁበት። ጠቃሚው ነገር ፍላጎትዎን ምርመራው ሳይጀመር መናገር ነው። ባለሙያው የፅንሱን ርዝመት ሲለካ የሚያስፈልገው የጎን ምስል ስክሪኑ ላይ ስለሚሆን፣ ያን ጊዜ ዝቅ ብሎ ለማየት ሰከንዶች ይበቁታል። ጄሉ ከተጠረገ በኋላ ሲጠየቅ ግን ሥራው እንደገና ይጀመራል።

መንታ ከሆኑስ?

መጀመሪያ የሚጠየቀው እንግዴ ልጁ አንድ ነው ወይስ ሁለት የሚለው ነው፤ ይህን ለማየት ደግሞ ከ11ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ምቹ ጊዜ ነው። ሁለቱን ፅንሶች የሚለየው ግድግዳ እንግዴ ልጁን በሚነካበት ቦታ ሰፋ ብሎ እንደ ሾጣጣ ከገባ ሁለት እንግዴ ልጆች ናቸው፤ ቀጥ ብሎ በቀጭኑ ከነካ አንድ ነው። አንድ እንግዴ ልጅ የሚጋሩ መንታዎች ከአንድ እንቁላል የተከፈሉ ስለሆኑ ፆታቸው አንድ ነው፤ ስለዚህ አንዱን በደንብ ማየት ለሁለቱም ይበቃል። ባለሙያው አንዱን ወንድ ሌላዋን ሴት ካለ ደግሞ ወይ እንግዴ ልጁ ሁለት ነው፣ ወይ አንዱ ግምት ተሳስቷል። ሁለት እንግዴ ልጅ ሲኖር እያንዳንዱ ለብቻው መታየት አለበት።

የደም ምርመራው ይሻላል?

ቀድሞ ለማወቅ ከሆነ አዎ። በ1997 እ.ኤ.አ. ዴኒስ ሎ እና ባልደረቦቹ የፅንሱ ዲኤንኤ ቁርጥራጭ በእናት ደም ውስጥ እንደሚገኝ አሳዩ፤ ዛሬ ከ10ኛው ሳምንት ጀምሮ ከእናት ክንድ በሚቀዳ ደም ላይ የዋይ ክሮሞዞም ቁርጥራጭ ይፈለጋል። ከተገኘ ወንድ፣ ካልተገኘ ሴት። ትክክለኛነቱ 99 በመቶ ገደማ ነው።

አሠራሩን ማወቅ ስሕተቱ ከየት እንደሚመጣ ያሳያል። «ሴት» የሚለው መልስ የሚሰጠው ዋይ ስለጠፋ ነው፤ የፅንሱ ዲኤንኤ ድርሻ ከእናቲቱ አንጻር በጣም አነስተኛ ከሆነ ደግሞ ወንዱም ዋይ ላይታይ ይችላል። ድርሻው በ10ኛው ሳምንት 10 በመቶ ገደማ ነው፤ ከ4 በመቶ በታች ሲሆን ብዙ ላቦራቶሪዎች ውጤት አይሰጡም፣ እንደገና ይቀዳ ይላሉ። ቶሎ መቀዳትና የእናት ክብደት መብዛት ድርሻውን ያሳንሳሉ። ቤት ውስጥ ከጣት ደም ተወስዶ በሚላከው ምርመራ ደግሞ ተቃራኒው ያጋጥማል፦ የአባት ወይም የወንድ ልጅ እጅ ናሙናውን ከነካ የእሱ ዋይ ይገባና ሴቷ ወንድ ትባላለች። ከመቀዳቱ በፊት እጅና ጠረጴዛ በሳሙና መታጠብ ያለበት፣ ወንዶችም ከአካባቢው ራቅ ማለት ያለባቸው ለዚህ ነው። ካለፈው እርግዝና የተረፈ ዲኤንኤ ያሳስታል ብለው የሚሰጉ አሉ፤ ከወሊድ በኋላ ቶሎ ከደም ስለሚጠፋ ሥጋቱ መሠረት የለውም።

መንታ ላይ ዋይ ከተገኘ የሚታወቀው ቢያንስ አንዱ ወንድ መሆኑ ብቻ ነው።

ደሙ ወንድ፣ አልትራሳውንዱ ሴት አለ። የቱን ልመን?

አልትራሳውንዱ ከ14ኛው ሳምንት በፊት የተነሣ ከሆነ ለጊዜው ደሙን። በ16ኛው ሳምንት ድጋሚ ይታይ፤ አብዛኛው ልዩነት እዚያ ላይ ይፈታል። ከ18ኛው ሳምንት በኋላም ልዩነቱ ካልተፈታ ግን ጉዳዩ ከግምት ወደ ሕክምና ይሻገራል። ሊሆኑ የሚችሉት ብዙ ናቸው፦ የናሙና መቀያየር፤ መጀመሪያ ላይ መንታ ሆኖ አንዱ ቀድሞ ጠፍቶ የእሱ ዲኤንኤ ደም ውስጥ መቆየቱ፤ እናቲቱ ከወንድ የተለገሰ የሰውነት ክፍል ወይም መቅኔ ያላት መሆኗ፤ ወይም የፅንሱ የብልት አፈጣጠር ልዩነት። ለምሳሌ የሽንት ቧንቧው ከሥር የተከፈተና ብልቱ ወደ ታች የጎበጠ ወንድ፣ ሴት ሊመስል ይችላል። አድሬናል ዕጢዋ ወንዴ ሆርሞን የሚያበዛባት ሴት ደግሞ ቂንጥሯ አድጎ ወንድ ልትመስል ትችላለች። ይህኛው ከተወለደች በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ካልታከመ ለሕይወት የሚያሰጋ ሊሆን ስለሚችል፣ «ማሽኑ ተሳስቶ ነው» ተብሎ እንዲሁ አይታለፍም። ሁለቱንም ውጤት ይዘው የጽንስና ማህፀን ሐኪም ጋር ይሂዱ።

ለፆታ ብቻ ደጋግሜ ብታይ ጉዳት አለው?

በተለመደው ምርመራ አልትራሳውንድ ፅንስን እንደሚጎዳ የታወቀ ነገር የለም፤ ግን ሙቀት የሚያመነጭ ኃይል ነው፤ መርሁም በተቻለ መጠን ዝቅ ባለ ኃይል፣ በአጭር ጊዜ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ይበልጥ የሚታሰብበት ዶፕለር ነው። ከ11 እስከ 14 ሳምንት ባለው ጊዜ ለሕክምና ምክንያት ሲከፈት እንኳ ስክሪኑ ላይ የሚታየው የሙቀት መለኪያ ከ1.0 ማለፍ የለበትም፣ ጊዜውም ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ባይበልጥ ይመረጣል። ከ10ኛው ሳምንት በፊት የልብ ምት «ለማሰማት» ተብሎ ዶፕለር መክፈት አያስፈልግም፤ ምቱ ዶፕለር ሳይከፈትም ይለካል። በእኛ ግምት በየሳምንቱ ለፆታ መመላለስ ጥቅሙ ከድካሙ ያንሳል፤ አንዱን ቀጠሮ ከ11 ወደ 13ኛው ሳምንት መግፋት ከሦስት የ11 ሳምንት ፎቶ ይበልጣል።

ባለሙያው እያየ «አልነግርም» አለኝ። መብቱ ነው?

ብዙ ተቋማት ከተወሰነ ሳምንት በፊት ፆታ እንዳይነገር ደንብ አላቸው፤ ምክንያታቸውም ከላይ ያየነው የስሕተት መጠን ነው። በአንዳንድ አገሮች ደግሞ ሕግ ነው፦ ሕንድ ሴት ፅንሶች እንዳይወገዱ በ1994 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ የፅንስ ፆታ መግለጽን ከልክላለች። «ወደ ወንድ ያደላል» የሚል ግማሽ ቃል ለማግኘት ባለሙያውን መጨቅጨቅ ብዙ አያዋጣም። ሰው እንዳይከፋው ብቻ የተወረወረ ግምት ከዝምታ የባሰ ነው።

ለሕክምና ምክንያት ቀድሞ ማወቅ የሚያስፈልጋቸው አሉ?

አሉ። እናት በኤክስ ክሮሞዞም የሚተላለፍ በሽታ ተሸካሚ ስትሆን፣ ለምሳሌ ሄሞፊሊያ ወይም ዱሼን የሚባለው የጡንቻ መመንመን፣ በጠና የሚታመሙት በአብዛኛው ወንዶች ናቸው። ሴት መሆኗ ቀድሞ ከታወቀ መርፌ ወደ ማህፀን ከማስገባት መዳን ይቻላል። በእንዲህ ያለ ጊዜ በጉጥ አንግል ላይ ተመሥርቶ አይወሰንም፤ በደም ምርመራው ይጀመራል። ወንድ ከሆነ ደግሞ ከ11ኛው ሳምንት ጀምሮ ከእንግዴ ልጁ፣ ከ15ኛው ሳምንት ጀምሮ ከሽርት ውሃው ናሙና ይወሰዳል። ሁለቱም የማስወረድ አደጋ አላቸው፤ አደጋው ትንሽ ነው፣ ግን ስላለ ለማወቅ ጉጉት ብቻ አይሠሩም።

በ18ኛውና በ22ኛው ሳምንት መካከል የሚታየውስ ምንድን ነው?

ያን ጊዜ አንግል መለካት ይቀራል፤ ብልቱ ራሱ ይታያል። ፅንሱ እንደተቀመጠ ከሥር ሲታይ ሴቷ ላይ ሦስት አጫጭር ትይዩ ነጭ መስመሮች አሉ፦ ሁለቱ የብልት ከንፈሮች፣ መካከለኛው ቂንጥር። ወንዱ ላይ ክብ የቆለጥ ከረጢትና ከእሱ ወጣ ያለ ብልት ይታያል። ከረጢቱ ውስጥ ፍሬ ካልታየ አይደንግጡ፤ የዘር ፍሬዎቹ ወደ ከረጢቱ መውረድ የሚጀምሩት ከ26ኛው ሳምንት ገደማ በኋላ ነው። አንድ ማሳሰቢያ፦ «ምንም አላየሁምና ሴት ናት» የሚል መልስ ከሰሙ፣ ሦስቱን መስመሮች አይቷቸው እንደሆነ ይጠይቁ።